ዓሣ በዝቶ ስለሚያንስበት ምክንያት፤ ከአሜሪካ የባስ ዓሣ አጠባበቅ የተገኘ ትምህርት

ኩሬ ያለው ባለመሬት ወይም በግዛቱ ውስጥ ሐይቅ የሚገኝበት ሹም ብዙ ጊዜ የሚያሰማው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ዓሣው ሞልቷል፥ ነገር ግን ሁሉም ከመዳፍ አይበልጥም የሚል ነው። ይህን ያየ ሹም ዓሣው ሳያድግ እየተያዘ አለቀ ብሎ ስለሚያስብ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ማንም ሰው መንጠቆ እንዳይጥል ይከለክላል። የክልከላው ዘመን ሲፈጸም ግን በአንዳንድ ውሃ ዓሣው ከቀድሞው ይልቅ አንሶና ከስቶ ይገኛል። በሌላ ውሃ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ዓሣው ያነሰው በእርግጥ ስለ ተሟጠጠ ነውና ማጥመዱ የቀጠለ እንደ ሆነ ዘሩ ይጠፋል። ሁለቱ ውሃዎች ከዳር ሆኖ ለሚመለከታቸው ሰው አንድ ይመስላሉ፤ የአንዱ መድኃኒት ግን ለሌላው መርዝ ነው። ይህን ለይቶ ማወቂያ በሰፊው ከመረመሩት ሰዎች መካከል ባስ የተባለውን ዓሣ የሚጠብቁ የአሜሪካ ሊቃውንት ስለሚገኙ፥ ሥራቸው ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ባስ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቅና መካከለኛ ክፍል፥ በሐይቅና በኩሬ እንዲሁም ቀስ ብሎ በሚፈስ ወንዝ የሚኖር አዳኝ ዓሣ ነው። አፉ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ የሚገባለትን ሁሉ ይውጣል፤ ትንሽ ዓሣም ቢሆን፥ እንቍራሪትም ቢሆን፥ የገዛ ወገኑ ጫጩትም ቢሆን አይምርም። በጸደይ ወራት የውሃው ሙቀት ወደ 16 ዲግሪ ሲደርስ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ጭቃውን በጅራቱ ጠርጎ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቲቱ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ዕንቍላል ጥላ ስትሄድ፥ ወንዱ ዕንቍላሉንም ከዕንቍላሉ የወጡትንም ጫጩቶች ይጠብቃል። ከመንጠቆ ጋር አጥብቆ ስለሚታገል አሜሪካውያን ለመብል ከሚፈልጉት ይልቅ ለደስታ የሚያጠምዱት ይበልጣሉ። በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም. ጆርጅ ፔሪ የተባለ ሰው በጆርጂያ አገር የያዘው ባስ ከ10 ኪሎ ጥቂት ያለፈ ነበር፤ ይህም ክብደት በ2009 ዓ.ም. ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ በቢዋ ሐይቅ እኩያውን እስኪይዝ ድረስ ሰባ ሰባት ዓመት ሙሉ ተወዳዳሪ ሳይገኝለት ኖረ። ይህ ሲሆን በአያሌ የአሜሪካ ኩሬዎች ውስጥ አንድ ባስ ዕድሜውን ሁሉ ኖሮ ግማሽ ኪሎ እንኳ ሳይሞላ ይሞታል። ዘሩ አንድ ሲሆን መጠኑ እንዲህ የሚለያይበት ምክንያት ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የምርመራው ሁሉ መነሻ ሆነ።

በ1930ዎቹ ዓመታት በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል በአላባማ አገር፥ ኦበርን በምትባል ከተማ በሚገኘው የእርሻ ምርመራ ጣቢያ፥ ሆመር ስዊንግል የተባለ ሊቅ ከባልደረባው ከስሚዝ ጋር ሥራውን ጀመረ። በዚያን ጊዜ ገበሬው ለከብቱ መጠጥና አፈሩ በጎርፍ እንዳይታጠብ ኩሬ ይቈፍር፥ በኩሬውም ውስጥ ዓሣ ይጨምር ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ትንንሽ ዓሣ ብቻ ሲያገኝ ዘሩ አነሰ ብሎ ሌላ ጫጩት አስመጥቶ ይጨምራል፤ ይህም ነገሩን የባሰ ያከፋዋል። ስዊንግልና ባልደረቦቹ ግምት ትተው ኩሬዎች አስቈፈሩ፤ በእያንዳንዱም ኩሬ ቍጥሩ የታወቀ ዓሣ ከጨመሩ በኋላ፥ ጊዜው ሲደርስ ውሃውን ፈጽመው እያፈሰሱ በውስጡ የተገኘውን ዓሣ አንድ ሳያስቀሩ በየዓይነቱና በየመጠኑ ለይተው ይመዝኑ ነበር። ጭቃ ውስጥ ገብቶ ዓሣ መልቀም ለሊቅ የሚገባ ሥራ አይመስልም ይሆናል፤ ሆኖም እርግጠኛ ነገር የተገኘው ከዚህ ጭቃ ነው።

የተገኘውም ነገር ይህ ነው። ውሃ እንደ ግጦሽ መሬት ነው፤ ሊሸከመው የሚችለው የሥጋ ክብደት የተወሰነ ነው። ሁለት መቶ ኪሎ ዓሣ መመገብ የሚችል ኩሬ፥ ይህን ክብደት በአራት መቶ ግማሽ ኪሎ በሚመዝኑ ዓሦች ወይም በአራት ሺህ ሃምሳ ግራም በሚመዝኑ ዓሦች ሊሞላው ይችላል፤ ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ ግን አይወጣም። ከብት አርቢ የሆነ ባለመሬት ይህን ፈጥኖ ያስተውለዋል። ነገር ግን ዓሣና ከብት በአንድ ነገር ይለያያሉ። ግጦሹ ሲጠብበት ከብቱ ይሞታል፥ ባለቤቱም የጥፋቱን ምልክት በዓይኑ ያያል። ዓሣ ግን ደሙ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ በጥቂት ምግብ ሳይሞትና ሳያድግ ብዙ ዓመት መኖር ይቻለዋል፤ ከዚህም በላይ በዚያው በትንሽነቱ ዕንቍላል ይጥላል። ስለዚህ የተጨናነቀ ውሃ ራሱን በራሱ አያስተካክልም፤ ሰው ወይም አዳኝ ዓሣ እስኪያቃልለው ድረስ እንዲሁ ይኖራል።

በአላባማ ኩሬዎች ከባስ ጋር አብሮ የሚገባው ብሉጊል የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፤ ስሙ በጕንጩ ላይ ካለው ሰማያዊ ቀለም የመጣ ነው። ብሉጊል ተባይና ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ይበላል፥ በበጋም ደጋግሞ ይራባል፤ ባስ ደግሞ የብሉጊልን ልጆች ይበላል። አንድ ባስ አንድ ኪሎ ሥጋ ለመጨመር ወደ 10 ኪሎ የሚደርስ ትንሽ ዓሣ መብላት ያስፈልገዋል። ከኦበርን ምርመራ ጀምሮ የተለመደው ልክ፥ ማዳበሪያ ለተጨመረበት ኩሬ በአንድ ሄክታር ወደ 2500 ብሉጊልና ወደ 250 ባስ ነው፤ ማዳበሪያ ለሌለው ግን የዚህ እኩሌታ ይበቃል። ብሉጊሉ አስቀድሞ በመከር ወይም በክረምት ይገባል፤ ባሱ በሚመጣው ዓመት በጸደይ ይከተላል፥ ሲገባ የሚበላው እንዲያገኝ ነው። ማዳበሪያው ራሱ ለዓሣው ምግብ አይደለም፤ በዓይን የማይለዩትን አረንጓዴ ጥቃቅን ዕፀዋት ያሳድጋል፥ እነርሱን ነፍሳት ይበሏቸዋል፥ ነፍሳቱንም ብሉጊሉ ይበላል። በዚህ መንገድ በደኸየ ውሃ የሚገኘውን የዓሣ ክብደት ሦስትና አራት እጥፍ ማድረግ ይቻላል።

ኩሬ ሚዛኑን የሚያጣው በሁለት መንገድ ነው። ባስ ሲያንስ የብሉጊሉ ጫጩት የሚበላው አጥቶ ይበዛል፤ ኩሬው በስምንትና በአሥር ሳንቲ ሜትር ብሉጊል ይሞላል፥ ይህም ብዛት የባሱን ዕንቍላልና ጫጩት ስለሚበላ አዲስ ባስ ሊተካ አይችልም። የቀሩት ጥቂት ባሶች ግን ይወፍራሉ። ባስ ሲበዛ ደግሞ የብሉጊሉን ጫጩት ሁሉ ይጨርሳል፤ ከባሱ አፍ ያመለጡት ጥቂት ብሉጊሎች እንደ ሰው እጅ ሰፍተው ያድጋሉ፥ ባሶቹ ግን ሃያ አምስትና ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆማሉ፤ ራሳቸው ትልቅ፥ ሆዳቸው የተጣበቀ፥ ጀርባቸው የሳሳ ይሆናል። ትልቅ ባስ ለሚመኝ ሰው የሚያጋጥመው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ነው። ለዚህም ማዳኛው ለብዙ ሰው የሚከብድ ነው፤ ባስ እንዲተልቅ ባስን ማውጣት ያስፈልጋልና።

ስዊንግል ለገበሬው የሰጠው መመርመሪያ ቀላል ነበር። በበጋ ወራት አጭርና ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ በኩሬው ዳር ዳር ይጎተታል። በቅርብ የተፈለፈለ ብሉጊልም የዚያው ዓመት ትንሽ ባስም አብረው ከተገኙ ኩሬው ደኅና ነው። ከስምንት እስከ አሥራ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሉጊል በብዛት ተገኝቶ ትንሽ ባስ ከታጣ ብሉጊሉ ተጨናንቋል። መካከለኛ ብሉጊል ጠፍቶ የብሉጊል ጫጩትም እጅግ ጥቂት ከሆነ ባሱ በዝቷል።

በ1970ዎቹ ዓመታት ደግሞ በሚዙሪ አገር ሪቻርድ አንደርሰን የተባለ ሊቅና ባልደረቦቹ ለትልቁም ለትንሹም ውሃ የሚሆን የቍጥር መለኪያ አወጡ። ርዝመታቸው ከ20 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ ያሉት ባሶች ሁሉ ይቈጠራሉ፤ ከእነዚሁ መካከል 30 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑት ከመቶ ስንት እንደ ሆኑ ይታሰባል። ስልሳ ባስ ተለክቶ ዘጠኙ ብቻ 30 ቢሞሉ ከመቶ 15 ናቸው ማለት ነው። የተስተካከለ ውሃ ከ40 እስከ 70 ያሳያል። ለብሉጊልም እንዲሁ ከ8 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ ያሉት ተቈጥረው 15 ሳንቲ ሜትር የሞሉት ከ20 እስከ 60 ቢሆኑ መልካም ነው። ሁለቱን ቍጥሮች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ኩሬውን ሳያፈስስ ሆዱን ያያል፤ የባሱ ቍጥር 15፥ የብሉጊሉ 70 ከሆነ ባስ ይውጣ፤ የባሱ 85፥ የብሉጊሉ 5 ከሆነ ባስ አይነካ። ደግሞም ባለቤቱ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እጅግ ትልቅ ለማድረግ አይችልም። ትልቅ ባስ የሚወድ ሰው ባሱን ከ50 እስከ 80 ሲያደርሰው ብሉጊሉ ያንሳል፤ ለማዕዱ ሰፋፊ ብሉጊል የሚፈልግ ግን ባሱ ጥቂት ተጨናንቆ ከ20 እስከ 40 እንዲቆይ ይተወዋል። የውሃው ባለቤት አስቀድሞ ምን እንደሚፈልግ ሳይወስን አማካሪን መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ቍጥሩ ብቻውን ግን አያበቃም። ትንሽ ዓሣ የበዛበት ውሃ የተጨናነቀ ነው ወይስ የተሟጠጠ የሚለውን የሚለየው ዕድሜና ውፍረት ነው። በተጨናነቀ ውሃ ትንሹ ዓሣ ያረጀና የከሳ ነው፤ በተሟጠጠ ውሃ ትንሹ ዓሣ ወጣትና የወፈረ ነው። ክረምቱ በሚበርድበት አገር የዓሣ ዕድሜ በቅርፊቱ ወይም በጆሮው አጥንት ላይ በሚታዩት ክቦች ይታወቃል፤ እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ አንድ ክብ ይጨመራልና። ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነ ባስ በቅርፊቱ ላይ ስድስት ክብ ቢገኝበት፥ ይህ ዓሣ ሕፃን ነው ብሎ ወደ ውሃ መመለስ ከንቱ ርኅራኄ ነው።

ቀድሞ የአሜሪካ ሹማምንት ያወጡት ሕግ ከተወሰነ ርዝመት በታች ያለ ባስ ሁሉ እንዲመለስ የሚያዝዝ ነበር። ብዙ አጥማጅ ባለበትና ጥቂት ጫጩት በሚያድግበት ሐይቅ ይህ ሕግ መልካም ሥራ ሠራ። ባስ በብዛት በሚራባበት ትንሽ ውሃ ግን ዓሣው ሁሉ ከተወሰነው ልክ በታች ተከማችቶ በረኃብ ቆመ። ስለዚህ በ1970ዎቹ በሚዙሪና በሌሎችም ክፍለ አገሮች አዲስ ዓይነት ሕግ ተሞከረ፤ ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች ያለው ባስ ይያዝ፥ ከ30 እስከ 38 ያለው ይመለስ፥ ከ38 በላይ ያለው ደግሞ ይያዝ የሚል ነው። አሳቡ ትንንሹ እንዲሳሳ፥ መካከለኛውም ምግብ አግኝቶ እንዲያልፍ ነው።

ይህን ሕግ በብዙ ስፍራ ያሰናከለው ዓሣው ሳይሆን ሰው ነው። ሬይ ስኮት የተባለ የአላባማ ሰው ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የባስ ማጥመድ ውድድር ያዘጋጅ ነበርና፥ በ1972 ዓ.ም. ተወዳዳሪዎቹ የያዙትን ከነሕይወቱ እንዲመልሱ አደረገ። ልማዱ በአሜሪካ ሁሉ ተስፋፋ፤ ብዙ ሕዝብ በሚያጠምድበት ትልቅ ሐይቅም ትልልቁን ባስ ከጥፋት አዳነ። ነገር ግን አጥማጁ ማንኛውንም ባስ መግደል እንደ ነውር ቈጠረው። ሕጉ ትንሹን ያዙ ቢል የሚይዝ ታጣ፤ ሕግ ይፈቅዳል እንጂ አጥማጁን ዓሣ ብላ ብሎ አያስገድድም። በዚህም ምክንያት በጎ አሳብ የተጨነቀውን ውሃ ይበልጥ አስጨነቀው፤ ጠባቂዎቹም ትንንሹን ባስ ወስዳችሁ ብሉ እያሉ አጥማጁን መለመን ደረሰባቸው። በግል ኩሬ ላይ ለሚያዝዝ ባለመሬት ነገሩ ይቀላል። በዳበረ ኩሬ ባስ የተጨናነቀ እንደ ሆነ በየዓመቱ በአንድ ሄክታር ከ20 እስከ 35 ኪሎ ትንንሽ ባስ ማውጣት የተለመደ ምክር ነው፤ በደኸየ ውሃ መጠኑ ያንሳል። አንድ ጊዜ ብቻ አውጥቶ መተው ግን ድካም ብቻ ነው፤ የተረፉት ባሶች በሁለት ዓመት ውስጥ ስፍራውን በልጆቻቸው ይሞሉታልና።

ሁሉ ነገር ሲገጥም ምን እንደሚገኝ የቴክሳሱ ፎርክ ሐይቅ ያስረዳል። ግድቡ በ1980 ዓ.ም. ሲዘጋ፥ በተፈጥሮው ከሌላው ይልቅ የሚተልቀው የፍሎሪዳ ባስ ዘር አስቀድሞ ገብቶ ነበር፤ የተዋጡትም ዛፎች ለዓሣው መጠለያ ሆኑ። ከዚያም ከ41 እስከ 61 ሳንቲ ሜትር ያለው ባስ ሁሉ እንዲመለስ፥ ከዚያ በላይ ያለውም ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ እንዳይበልጥ ተወሰነ። በ1992 ዓ.ም. ከዚህ ሐይቅ የተያዘው ባስ ከ8 ኪሎ በላይ ሆኖ የቴክሳስ ተወዳዳሪ የሌለው ዓሣ ተባለ። በፎርክ የሠራውን ልክ ቀድቶ በትንሽ ኩሬ ላይ የሚያውጅ ሰው ግን ምንም አያተርፍም፤ ምግቡና ዘሩ ያንን የማይፈቅድ ውሃ አለና።

ይህን ያነበበ ባለመሬት ባስን ወደ ኢትዮጵያ ለማስመጣት ቢመኝ አይፈረድበትም፤ ሆኖም በጎረቤት አገር የሆነውን አስቀድሞ ይወቅ። በ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ባስ ለማጥመድ ደስታ ሲባል በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ገባ። በዚያ ሐይቅ ይኖር የነበረ አንድ ትንሽ የአገሩ ዓሣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ የጨረሰውም ባስ እንደ ሆነ ይታመናል። ከኩሬ የሚወጣ ጎርፍ ወደ ወንዝ፥ ወንዙም ወደ ሐይቅ ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ ያመለጠውን አዳኝ ዓሣ መልሶ የሚሰበስብ አዋጅ የለም። ከባስ ሊወሰድ የሚገባው አጠባበቁ እንጂ ዘሩ አይደለም።

አጠባበቁ በኢትዮጵያ ይልቁንም የሚጠቅመው ቆሮሶ ላለበት ኩሬ ነው። ቆሮሶ ሞቃት ውሃ ባገኘ ጊዜ በጥቂት ወራት ዕድሜው መራባት ይጀምራል፤ እናቲቱም ጫጩቶቿን በአፏ ውስጥ ስለምትጠብቅ ብዙዎቹ ይድናሉ። ስለዚህ ኩሬው በአንድ ዓመት ውስጥ ከመዳፍ በማይበልጥ ዓሣ ይሞላል። በአላባማ ባስ የሠራውን ሥራ በዚህ አምባዛ ሊሠራው ይችላል፤ ነገር ግን አምባዛው የገባውን ቆሮሶ ራሱን እንዳይጨርሰው ቆሮሶው ካደገ በኋላ አምባዛው በትንሽነቱ ይግባ። ወንድ ወንዱን ብቻ መርጦ ማርባትም የታወቀ መንገድ ነው። ሁለቱም ባይገኙ ትንንሹን በየጊዜው በጠባብ መረብ አውጥቶ ለቤተ ሰብና ለዶሮ ምግብ ማድረግ ይገባል። እንዲህ ላለ ኩሬ ማጥመድን መከልከል ዓሣውን ማስራብ ነው።

ጣና ሐይቅ ግን ሌላ ነው። በ1986 ዓ.ም. የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገባበት ጊዜ ወዲህ የንግድ ማጥመድ በረታ፤ ከ1991 እስከ 2001 ዓ.ም. ባለው አሥር ዓመት ውስጥም በሐይቁ ብቻ የሚገኙት የቢልጫ ወገኖች ወደ ሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሱ በልኬት ታውቋል። ምክንያቱ ምግብ ማጣት አልነበረም። እነዚህ ዓሦች በክረምትና በመስከረም ዕንቍላል ለመጣል ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ሲወጡ በወንዙ አፍ ላይ ይከማቻሉ፤ መረቡም እዚያው ተዘርግቶ እናቶቹን ከነዕንቍላላቸው ይጠርጋል። በጣና አካባቢ ያለ ሹም የአላባማን ትምህርት ሰምቶ ማጥመዱ እንዲበረታ ቢፈቅድ የቀረውን ያጠፋል፤ በዚያ ስፍራ የሚያስፈልገው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዙን አፍ ከመረብ ነጻ ማድረግና የመረቡን ዓይን ማስፋት ነው።

እንግዲህ ማንኛውም ትእዛዝ ከመውጣቱ በፊት ውሃው መለካት አለበት፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው። በሳንቲ ሜትር የተመለከተ ጣውላ፥ ሚዛን፥ አንድ መዝገብና ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ይበቃል። ከአንድ ዓይነት ዓሣ ከመቶ የማያንስ ተይዞ የእያንዳንዱ ርዝመትና ክብደት፥ በሆዱም ዕንቍላል መኖሩና አለመኖሩ ይጻፋል። በኢትዮጵያ ሐይቆች ብርዱ ቀላል ስለ ሆነ የቅርፊቱ ክብ እንደ አሜሪካው በግልጽ አይነበብም፤ ስለዚህ ውፍረቱንና ዕንቍላሉን መመልከት ይሻላል። ከመዳፍ ያልበለጠ የከሳ ቆሮሶ ዕንቍላል ተሸክሞ ቢገኝ መጨናነቁን ያመለክታል፤ ትንንሹ ወፍራም ሆኖ ዕንቍላል ያለው ትልቅ ዓሣ የታጣ እንደ ሆነ ግን ውሃው እየተሟጠጠ ነው። ልኬቱ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፥ በዚያው ስፍራና በዚያው መረብ ይደገም፤ የመረቡ ዓይን የተለወጠ እንደ ሆነ የሚያዘው ዓሣ መጠኑ ስለሚለወጥ፥ ሁለቱን መዝገቦች ማነጻጸር አይቻልም።